የባስታይ ዙር፦ ሽቅብ በየት፣ ቁልቁል በየት?

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የሚደረደረውን የምላሾች ሰንሰለት፣ የከፈተው ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድማችን ነው። ጥያቄ ብሎ ይጀምረው እንጂ አቋሙ ከመጀመሪያው መስመር ይታይ ነበር። በጀርመን ከድሬስደን ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከኤልበ ወንዝ 194 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመውን የባስታይን ቋጥኝና ድልድዩን አይቶ መመለስ ይበቃል ወይስ ጫካውን መዞር ያስፈልጋል ሲል ጠየቀና መልሱን ራሱ ሰጠ። በአውቶቡስ ወጥቶ፣ ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሥቶ የተመለሰ ሰው ባስታይን አየሁ ማለት የለበትም አለ። ቀጥሎ መንገዱን ዘረዘረ፦ ራተን ጣቢያ ከባቡር መውረድ፣ በጀልባ መሻገር፣ ከመንደሩ ወደ ድልድዩ መውጣት፣ የኖይራተንን የዓለት ምሽግ መጎብኘት፣ ከዚያ የስዊድኖች ጉድጓዶች በሚባለው ስንጥቅ በኩል ወደ አምዝል ሸለቆ ወርዶ በሐይቁ ዳር ወደ ራተን መመለስ። ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ግማሽ ቀን ይወስዳል። በመጨረሻም እናቱ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ እየመጡ መሆኑንና በዚሁ መንገድ ሊወስዳቸው ማሰቡን ጨመረ። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ባይጽፋት ኖሮ ክሩ ከአምስት ምላሽ አያልፍም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምላሾች ጨዋዎች ነበሩ። 1ኛው አመስግኖ፣ መላ አገሪቱ የሚሠራው የወር ትኬት ያለው ሰው ከድሬስደን በከተማ ባቡር በአንድ ሰዓት ውስጥ ራተን እንደሚደርስ አስታወሰ። 2ኛው ጠንቃቃ ሰው ነው። ጣቢያው በወንዙ ግራ ዳር፣ መንገዱ ግን በቀኙ ስለሆነ ከእግር ጉዞው በፊትም በኋላም ጀልባዋን መያዝ ግድ እንደሆነ ጽፎ፣ ማታ የምትቆምበትን ሰዓት ጠዋት ሲሻገሩ መጠየቅ እንደሚሻል መከረ። የጀልባዋንም ሥራ በዝርዝር አስረዳ። ሞተር አያሻግራትም። ከወንዙ ላይኛው በኩል ወንዙ ውስጥ በታሰረ ረጅም የብረት ገመድ ተይዛለች፤ ጀልባ ነጂው ወደ ውሃው አግድም ሲያዘነብላት የወንዙ ግፊት ራሱ ከዳር ዳር ይገፋታል። 3ኛው ምላሽ የሰጠችው እናት የስምንት ዓመት ልጇ ከተራራውም ከድልድዩም ይልቅ ጀልባዋን ወድዶ ሦስት ጊዜ ካልተመላለስን ብሎ እንዳስቸገራት ተናገረች። ልጁ ልክ ነው።

ከዚያ 4ኛዋ መጣች። በጀርመን ሆስፒታል የአካል ማገገሚያ ሕክምና የምትሠራ እህት ናት፤ ትሕትናዋ የተሟላ ቢሆንም ምላሿ ለጠያቂው አልራራችለትም። በስዊድኖች ጉድጓዶች ያለው ደረጃ ሰባት መቶ ገደማ ነው፤ ያንን ሁሉ ደረጃ በእርጅና ጉልበት ቁልቁል መውረድ ከመውጣት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሲወርዱ መላ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በታጠፈ ጉልበት ላይ ነው አለች። እናትህን የምታከብር ከሆነ ዙሩን ገልብጠው፤ በስንጥቁ ውጣ፣ በድልድዩ ውረድ የሚል ነበር ፍርዷ። ከድልድዩ ወደ ራተን የሚወርደውም መንገድ ደረጃ አለው፤ ግን ሰፊ ነው፣ የሚያርፉበት ቦታም አለው።

ጠያቂው በ5ኛው ምላሽ አልተዋጠለትም። ጠዋት ጉልበት ሳለ ወደ ትልቁ እይታ መውጣት፣ ከሰዓት ደግሞ በጥላው መውረድ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው አለ። 6ኛው ግን የእህታችንን አቅጣጫ በሌላ ምክንያት ደገፈ። ባስታይ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጎበኘው ቦታ ነው፤ አውቶቡሶቹ ሰውን የሚያራግፉት በረፋድ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ድልድዩ ላይ ክርን ለክርን መገፋፋት ነው። በስንጥቁ ወጥቶ ወደ ማታ ድልድዩ ላይ የሚደርስ ሰው ከሕዝቡ ጋር ይተላለፋል።

7ኛው የእኔ ነበር፤ ከእህታችን ጎን ቆምኩ። ለእኔ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ከታች ስትነሣ መጀመሪያ የምታገኘው ከጦርነት ሸሽቶ በስንጥቁ የተደበቀ ገበሬ የሄደበትን ጨለማ ነው፤ ከዚያ ባላባቶች የመሸጉበትን ዓለት፤ በመጨረሻ ደግሞ ለተመልካች ተብሎ የተሠራውን ድልድይ። ታሪኩም በአብዛኛው ከችግር ወደ ሽርሽር የሄደ ነው። ከላይ የጀመረ ሰው ግን ጉድጓዶቹ ጋ ሲደርስ ዓይኑ በእይታ ጠግቦ፣ እግሩ ዝሎ ስለሚሆን ባቡሩን እያሰበ ያልፋቸዋል። ሦስት ሰዎች አመሰገኑኝ፤ ጠያቂው ዝም አለኝ።

8ኛዋ የሽቱትጋርት እናት ያልተባለውን ነገር ነክታ ክሩን አጋለችው። እናቱን በአውቶቡስ ሊያወጣ የሚችል ልጅ እያለ ሰባት መቶ ደረጃ ምን አመጣው? ያለ እግር ጉዞ ያየ አላየም ብሎ የሚፈርድ ማን ነው? ጉልበታቸው ያለቀ ሽማግሌዎችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ከላይ ቆመው ወንዙን ቢያዩ ማንን ጎዱ? ስትል በየመስመሩ ጥያቄ ደረደረች። ጠያቂው ስለ ጤነኛ ወጣቶች ነው የተናገርኩት ብሎ ሊያለሳልስ ቢሞክርም ስለ እናቱ የጻፈው እዚያው ከላይ ስላለ አላዋጣውም። 10ኛው ምላሽ ሸምጋይ ነበር። እናትየው ከአንድ ቤተሰብ ጋር በአውቶቡስ ይውጡ፣ ልጁ በእግሩ ይዙር፣ ሁሉም ድልድዩ ላይ ይገናኙ አለ። ይህ አስታራቂ ሐሳብ በቦታው ቢቀበሉት ኖሮ ከሃያ በላይ ምላሾች በዳኑ ነበር።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ 11ኛው ተሳታፊ ጉድጓዶቹን ስዊድኖች ስለቆፈሩአቸው ነው እንዲህ የተባሉት ብሎ ጻፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! 12ኛው ወዲያው አረመው። በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1639 የስዊድን ወታደሮች አካባቢውን ሲያጠፉ የመንደሩ ሰዎች ናቸው ከነሱ ሸሽተው በእነዚያ ስንጥቆች የተደበቁት። ስንጥቁን የሠራው ውሃና ጊዜ ነው። ደረጃው ደግሞ ከጦርነቱ ጋር አይገናኝም፤ መንገዱ ለጎብኚ የተከፈተው በ1886 ነው። 11ኛው ሰው ይህን ተቀብሎ እንደማረፍ፣ እንግዲያው ምሽጉን ያቃጠሉት ስዊድኖቹ ናቸው ብሎ ሌላ ጨመረ። 13ኛው፣ የታሪክ መምህር ይመስለኛል፣ ያንንም አፈረሰበት። ኖይራተን በመካከለኛው ዘመን በቦሄሚያ (በዛሬዋ ቼክ ምድር) ዘውድ ሥር የነበሩ ባላባቶች ይዞታ ነበር፤ ድሬስደን ባለችበት በሳክሶኒ መሳፍንት እጅ የወደቀው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ማለትም ስዊድኖቹ ከመምጣታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ይኸው መምህር ምሽጉን የገለጸበት አንቀጽ በክሩ ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ነው። ግንብ አትፈልጉ አለ፤ ግንቡ ዓለቱ ራሱ ነው። ቤቶቹ ከእንጨት ስለነበሩ ጠፍተዋል። የቀረው ወለላቸውን የተሸከሙት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች የገቡበት በዓለቱ ፊት ላይ የተጠረበ ቦይ ነው፤ ጠርዙ ሹል እንደሆነ አለ፣ መዳፍ ያስገባል። ዝናብ የሚጠራቀምበት የተፈለፈለ ጉድጓድና በወንጭፍ መሣሪያ የሚወረወሩ ክብ ድንጋዮችም አሉ። ዛሬ በገደሉ መካከል የተዘረጋ የብረት መተላለፊያ አለ፤ መግቢያው ጥቂት ዩሮ ነው። ብዙ ሰው ድልድዩ በነጻ ነው ብሎ ይህን በር ያልፈዋል። መምህሩ በዚህ ተናድዷል፤ ተገቢ ንዴት ነው።

በመሐል አንድ ሰው ስለ ድልድዩ ዕድሜ ጠየቀ፤ መልሱ አጭር ነበር። የአሁኑ የድንጋይ ድልድይ በ1851 የተሠራ ሲሆን 76.5 ሜትር ይረዝማል፤ ሰባት ቅስቶች አሉት፤ ከሥሩ ያለው ገደል 40 ሜትር ይጠልቃል። ከሱ በፊት የእንጨት ድልድይ ነበር። የተሠራው ለጎብኚ ነው። ፎቶ አንሺውም የዛሬ ሰው ብቻ አይደለም፤ ኸርማን ክሮነ በ1853 ካሜራውን ተሸክሞ እዚያ እንደቆመ የሚናገር ጽሑፍ በድልድዩ ዓለት ላይ አለ።

ከ15ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ድንጋዩ ዞረ። ላይፕሲግ የሚማር ዓለት የሚወጣ ወጣት ነው ያመጣው፤ በዝናብ ማግሥት አትሂዱ ብሎ ጀመረ። አሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ የአሸዋውን ቅንጣቶች የያዛቸው ነገር ስለሚላላ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል። በዚያ አገር እርጥብ ዓለት መውጣት ክልክል ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ የሚሸጎጥ የብረት መሣሪያም ሆነ የእጅ ማድረቂያ ነጭ ዱቄት አይፈቀድም። በስንጥቁ ስታልፉ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፋችሁ አንሡት አለ። በመዳፋችሁ ላይ ቢጫ አሸዋ ይቀራል፤ ያ አሸዋ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ በነበረ ባሕር ሥር የተኛ ነው። ጨው ከውስጥ እየወጣ የበላው የግድግዳ ክፍልም አለ፤ ቀዳዳው በቀዳዳ ላይ ተደራርቦ የማር እንጀራ ይመስላል። ስለዚህ ልጆች በጣታቸው እንዳይፈለፍሉት ንገሯቸው፤ ለደቂቃ ጨዋታ ብለው የሺህ ዓመት ሥራ ያፈርሳሉ። መንገዱ ደረጃ ስላለው ዝናብ ምን ያደርጋል ብሎ የተከራከረ ሰው ነበር። ወጣቱ የጥቅምት ቅጠል በእርጥብ ደረጃ ላይ ምን እንደሚያደርግ ራስህ ሞክረው አለው፤ በዚያው በረደ። ቀጥሎም ባስታይ ጫፍ ላይ የነበረው የድሮ መመልከቻ ከሥሩ ያለው ዓለት ስለተዳከመ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደተዘጋ፣ በ2023 የተከፈተው አዲሱ መድረክ ጫፉን ሳይጫን በአየር ላይ ወጣ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ እንደተሠራ አስታወሰ።

17ኛው ኩራት ተሰምቶት፣ እኛም ላሊበላን የፈለፈልነው ከዚሁ አሸዋ ድንጋይ ነው አለ። 18ኛዋ፣ መቀሌ ያደገች እህት፣ ለስለስ ብላ አቀናችው። የላሊበላ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው። አሸዋ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ወደ ገርዓልታ ይሂድ፤ አቡነ የማታ ጉሕ፣ ማርያም ቆርቆር፣ ዳንኤል ቆርቆር እነዚያ የተፈለፈሉት ከአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ያውም ከኤልበው በዕድሜ የሚበልጥ። ወደ የማታ የሚወጣ ምእመን ጫማውን አውልቆ፣ ጣቱን በተቦረቦረ የእግር መርገጫ እያስገባ ነው የሚወጣው፤ ባስታይ ላይ እንዳለው የብረት መደገፊያ የለም።

ይህ መልካም ጨዋታ ነበር፤ 19ኛው አበላሸው። የአገራችን ቅርስ በችግር ላይ እያለ የጀርመን ገደል ማድነቅ የባርነት ስሜት ነው ሲል ክርክሩን ወደማይሆን ቦታ ወሰደው። 20ኛው ከሱ ብሶ፣ አንተስ የምትኖረው የት ነው፣ የጀርመን ደመወዝ እየበላህ በጀርመን ድንጋይ መቅናትህ ምን ይባላል አለው። ሁለት ምላሾች እንዲህ በስድብ ቀጠሉ፤ ልደግማቸው አልፈልግም፣ ቁጥራቸውም 21 እና 22 ነው።

23ኛዋ ያችው የመቀሌዋ እህት ነበረች። በዚህ ክር ስለ 1639 ገበሬዎች እንደ ተረት ሲወራ ማንበቧን፣ በ2013 ዓ.ም. ግን የራሷ ዘመዶች ከጦርነት ሸሽተው በዋሻና በዓለት ሥር ማደራቸውን ጻፈች። ጉድጓዶቹን ለማየት ሄዳ ከመሐል እንደተመለሰች፣ ምክንያቱ ጉልበት እንዳልነበረ ተናገረች። ማንንም አልወቀሰችም። 19ኛው ሰው ከዚያ በኋላ በክሩ አልታየም።

ዝምታውን የሰበሩት በ1980ዎቹ፣ ምሥራቅ ጀርመን ለብቻዋ አገር በነበረችበት ጊዜ፣ ድሬስደን የተማሩ አባት ናቸው። በ24ኛው ምላሻቸው እህታችንን በርቺ ልጄ ብለው አጽናንተው፣ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አዘጋጅቶ ባስታይ እንደወሰዳቸው፣ በክት ጫማ ደረጃውን ሲወጡ ወዝ እንዳጠመቃቸው አጫወቱን። ከዚያም ቁም ነገር አመጡ። ከራተንና ከቬለን መካከል በወንዙ ዳር ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ የገደል ፊት ይታያል፤ ያ የድሮ ድንጋይ ካባ ነው። ከዚያ አካባቢ የተፈለጠው ድንጋይ በኤልበ ላይ እየተጫነ ወርዶ ድሬስደንን ሠርቷል። ጠራቢዎቹ የኳርትዝ ብናኝ እየሳቡ በሳንባ በሽታ ያለ ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። እሳቸው በተማሩበት ጊዜ ፍራወንኪርኸ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ከየካቲት 1945ቱ የአየር ድብደባ በኋላ እንደፈረሰች የድንጋይ ክምር ነበረች፤ እንደገና የተሠራችው ከ1994 እስከ 2005 ነው። ግድግዳዋ ላይ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ ተቀላቅሎ ስታዩ ጥቁሩ ሁሉ የቃጠሎ ነው አትበሉ አሉ፤ የኤልበ ድንጋይ ዕድሜ ሲያገኝ በራሱ ይጠቁራል፣ ጥቁሮቹ ከፍርስራሹ ተለቅመው የተመለሱት አሮጌዎቹ ናቸው። ለእኔ ከዚያ በኋላ የባስታይ ዙር ያለ ድሬስደን ጎደሎ ሆኗል።

26ኛዋ ወደ ምግብ ወሰደችን። በሐይቁ ዳር ከሰል አያይዛ፣ ጀበና ጥዳ፣ ቡና አፍልታ ለልጆቿ ባህላችንን ማሳየት እንደምትፈልግ ጻፈች። ምላሹ ጎርፍ ነበር። ቦታው ከ1990 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በጫካው እሳት ማንደድም ማጨስም ክልክል ነው። በ2022 የበጋ እሳት ከቼክ በኩል ተሻግሮ የፓርኩን ጫካ ሲያቃጥል ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል፤ ከ2018 ድርቅ ወዲህ በቅርፊት በል ጥንዚዛ የሞቱ ዛፎችም ደርቀው ቆመዋል። 27ኛው ይህን በትሕትና ነገራት፤ 28ኛው ግን ሀበሻን የምታዋርጂ ብሎ ጮኸባት። ፍላጎቷ ክፉ አልነበረም፤ ጩኸቱ አላስፈለገም። 29ኛዋ በፔርሙስ ይዘሽ ሂጂ ብላ ገላገለቻት፤ በሶ፣ ጭኮና ቆሎም ጨመረች፤ ለጾመኛ ከምግብ ቤቱ ድንችና ሰላጣ ውጭ ብዙ አይገኝም። እግረ መንገዱን ድሮን ይዤ ልምጣ ያለ ሰውም ነበር፤ በፓርኩ ውስጥ አይፈቀድም ተብሎ በአንድ መስመር ተመለሰ።

ስለ ልብስ የተጻፈው 30ኛ ምላሽ ብዙ ሰው ሳያየው አልፏል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። እኛ ቁልቁል ስንወርድ ከደጋ ወደ ቆላ መግባት ለምደናል፤ ስንወርድ ነጠላ እንጥላለን። በእነዚህ ሸለቆዎች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከሥር ይተኛል፣ ፀሐይ እምብዛም አይገባም፤ ስለዚህ ብርድ የሚወዱት ዛፎችና ፈርን የሚባለው አበባ የለሽ ተክል ከታች፣ ድርቀት የሚችለው ጥድ ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ይበቅላል። በሐምሌም ቢሆን ስንጥቁ ውስጥ ሹራብ ያስፈልጋል፤ በተለይ ለአዛውንት።

ጠያቂው በ31ኛው ተመለሰ። እናቱ ምላሾቹን በልጅ ልጃቸው አስነብበው፣ በእግሬ ነው የምወጣው፣ እንጦጦን ስወጣ ማን ተሸከመኝ ብለዋል አለ። የማገገሚያዋ እህት በቁጭት፣ እንግዲያው በስንጥቁ ይውጡ፣ በድልድዩ ይውረዱ፣ ዱላ ይያዙ ስትል ደገመች። ጠያቂው ዱላውን ተቀበለ፤ አቅጣጫውን ግን አሁንም አልተቀበለም። ከዚያ ስምንት ሰዎች አብረን እንሂድ ብለው ተመዘገቡ። አራቱ በድልድዩ፣ አራቱ በስንጥቁ እንወጣለን ስላሉ ኖይራተን በር ላይ ለመገናኘት ተስማሙ። 38ኛው ላይ የጀመረው አዲሱ ክርክር ምግቡን የትኛው ቡድን ይሸከማል የሚል ነው፤ ይህን እስከምጽፍ አልተቋጨም፣ እናትየው ግን ከስንጥቁ ቡድን ጋር ተመዝግበዋል።